ከፍ ያለው ክርና ትንሿ ጣት

ታናሹን የሚንቅ ታላቅ በንቀቱ መጠን ታናሹን ያሳድጋል፤ ራሱን ግን ያሳንሳል። ይህ አባባል ለጣትም ለሰውም እኩል ይሠራል። የአንዲት እናት ልጆች የሆኑ ወንድምና እኅት ያሳለፉት ነገር እውነትነቱን ስለሚያስረዳ፣ ከሥሩ ጀምሮ እነሆ ይነገራል።

ወንድምየው ሊድ ጊታር ተጫዋች ነበር። የባንዱ ሰዎች «አውራ» ይሉታል፤ ቅጽል ስሙም ያለ ነገር አልወጣለትም። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትሰበስብ ዜማውን ተቀብሎ ወደ ፊት የሚወጣው፣ ሲንጫጫ ያመሸውን አዳራሽ በአንዲት ክር ጸጥ የሚያሰኘው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በሦስት ጣት ነበር። ሌባ ጣቱ፣ መካከለኛ ጣቱና የቀለበት ጣቱ በክሩ ላይ ሲሯሯጡ፣ ትንሿ ጣቱ እንደ ስኒ ጆሮ ተቀሥራ ከጊታሩ አንገት ውጭ ትውላለች። «እሷንስ ለምን አታሠራትም?» ብለው ሲጠይቁት፣ «እሷማ ጆሮ መጎርጎሪያ ናት፤ ደመወዝ የላትም» ይላል። ሰው ይሥቃል። እሱም በሰው ሣቅ ውስጥ ስንፍናውን ሸሽጎ ይኖራል።

እኅቱ ከእናታቸው ጋር ልብስ ትሰፋለች። የቤታቸው የፊተኛው ክፍል የሥራ ቤት ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ በየቀለማቸው የተሰደሩ የክር ጥቅልሎች አሉበት። ልጅቷ ቀጭንና ዝምተኛ ስለ ሆነች የባንዱ ድራመር «መርፌ» ብሎ ሰየማት፤ «ኮቴዋ ሳይሰማ ገብታ ኮቴዋ ሳይሰማ የምትወጣ፣ ያለ እሷ ግን ምንም ነገር የማይያያዝ» ማለቱ ነበር። በባንዱ ውስጥ ሪዝም ጊታር ትይዛለች፤ ይኸውም ወንድሟ ከፊት ሲያበራ ከኋላ ሆና ምቱን ትጠብቃለች ማለት ነው። ጊታሯ የእሱ አሮጌ ጊታር ነው። ሲሰጣት «መጫወቱ ያንቺ፣ ብሎኑን መንካት የኔ። ነካክተሽ ካበላሸሽው ወዮልሽ!» ብሏት ነበርና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመሣሪያውን ብሎን በእጇ ነክታው አታውቅም። ክር ሲበጠስ የሚቀይረው፣ አንገቱ ሲጣመም የሚያቃናው ወንድሟ ነው። ታምነው ነበር።

የባንዱ መሪ ሳክስፎን የሚነፉ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰዋስው ሲያስተምሩ ስለ ኖሩ ሁሉም «መምህር» ይላቸዋል። የዘፈን ግጥም ሲመጣላቸው ከዜማው አስቀድመው ግሡን ይመረምራሉ፤ ግሡና ባለቤቱ በቁጥር ካልተስማሙ ዘፋኟን ወደ መድረክ አያስወጡም።

«መምህር፣ ሰው እኮ የሚጨፍረው በግሥ አይደለም» ይላቸዋል ድራመሩ።

«ሳይጨፍር እንዲገባው ነው የምፈልገው» ይመልሱለታል።

ባንዱ የመጀመሪያውን አልበም ለመቅረጽ ስቱዲዮ ያዘ። መምህሩም ለመክፈቻ የሚሆን አዲስ ዜማ ደርሰው ወደ መለማመጃው ክፍል መጡ። ዜማው መካከል ላይ አንድ አስቸጋሪ ቦታ ነበረው። እዚያ ቦታ ላይ ሌባ ጣት በወፍራሙ ክር ላይ አንድ ድምፅ ይዛ ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች፤ ያም ድምፅ እንደ ወለል ከሥር ተነጥፎ ይቆያል። ዜማው ደግሞ በቀጭኑ ክር ላይ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ይወጣል። ሌባ ጣት ከተነሣች የታችኛው ድምፅ ይሞታል፤ ካልተነሣች ደግሞ ከላይኛው ደረጃ ሊደርስ የሚችል ሌላ ጣት የለም፤ ከትንሿ በቀር።

አውራ ሞከረው። የቀለበት ጣቱን ወጠረ፤ አልደረሰም። እጁን አንሥቶ ዘለለ፤ የታችኛው ድምፅ ተቆረጠ።

መምህሩ፣ «ልጄ፣ ወለሉን ነቅለህ ጣሪያ አለበስክ» አሉት።

«መምህር፣ ይቺ ቦታ ትንሽ ትቀየር። ማንም ልብ አይላትም።»

«እኔ ልብ እላታለሁ።»

ድራመሩ ከከበሮው ኋላ አንገቱን አስግጎ፣ «አውራ፣ ያቺን ደመወዝ የከለከልካትን ምስኪን ለምናት እንጂ! ሌባዋን ብቻ እያሠራህ እስከ መቼ?» ሲል ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። አውራ ብቻ አልሣቀም።

መርፌ በጥግ ተቀምጣ እጇን በቀስታ ወደ ጊታሯ አንገት አስጠጋች። ሌባ ጣቷን ተከለች፤ ትንሿን ዘረጋች። ድምፁ ደካማ ነበር፤ ጣቲቱም እንደ ረጠበ ካርቶን ከመገጣጠሚያዋ ታጠፈች። ነገር ግን ደረሰች። የታችኛውም ድምፅ አልሞተም።

መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ። «ስቱዲዮው የሚለቀቅልን ክረምቱ ሲወጣ ነው» አሉ። «በዋዜማው እዚሁ ተሰብስበን እሰማችኋለሁ። ይህችን ቦታ ንጹሕ አድርጎ የሚጫወት ሰው በአልበሙ ላይ ሊድ ጊታር ይይዛል። እኅት ነው ወንድም፣ አውራ ነው መርፌ፣ እኔ አላውቅም።»

ወንድምና እኅት በአንድ መንገድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አውራ ከእኅቱ ቀድሞ ይራመድ ነበር። የሊድ ጊታሩ ቦታ ከእጁ ከወጣ ራሱን በምን እንደሚጠራው አያውቅም ነበር፤ ስሙ እንኳ የተሰፋው በዚያ ቦታ ልክ ነው።

ሁለት መንገድ ተከፍቶለት ነበር። አንደኛው የገዛ ትንሿን ጣት ማስተማር ነው። እርግጥ፣ ሞክሯል። በሩን ዘግቶ ተቀመጠና ክሩን በእሷ ጫነ። ለዓመታት ሥራ ፈትታ የኖረችው ጣት እንደ ሰካራም ተንገዳገደች፤ የወጣውም ድምፅ ጊታር ትናንት የጀመረ ሰው ድምፅ ነበር። ማንም አልሰማውም፤ እሱ ግን ራሱን ስለ ሰማ አፈረ። መማር ለጥቂት ጊዜ አላዋቂ መሆንን ይጠይቃል፤ አውራ ደግሞ ባዶ ክፍል ውስጥ እንኳ አላዋቂ ሆኖ መታየትን አልወደደም። ጊታሩን አስቀመጠ።

ሁለተኛውን መንገድ መረጠ። እናቱና እኅቱ የተሰፋ ልብስ ለማድረስ በወጡበት ቀን፣ ትንሽ መፍቻ ይዞ የእኅቱ ጊታር ወደሚቀመጥበት ሥራ ቤት ገባ። በጊታሩ ገላ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት አለ፤ በብረቱም ላይ እያንዳንዱን ክር ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ጥቃቅን ብሎኖች አሉ። ክር ከአንገቱ በራቀ ቁጥር እሱን ለመጫን የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ከጣቶች ሁሉ አስቀድማ የምትዝለው ትንሿ ናት። አውራ ብሎኖቹን ጥቂት ጥቂት አዞረ። ክሮቹን መልሶ ቃኘ፤ ጊታሩንም ሲያገኘው እንደ ነበረ አድርጎ ግድግዳው ሥር አቆመው። በሌላ ቀን ጥቂት ጨመረ፤ በሌላም ቀን እንዲሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቢያደርገው ታውቅበት ነበር፤ ቀስ በቀስ የመጣን ሸክም ግን ሰው የራሱ ድካም ነው ብሎ ይቀበለዋል። የራሱን ጊታር ክሮች ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ አደረጋቸው፤ ክሩ ቅርብ ሲሆን እጁ በፍጥነት ስለሚዘል የታችኛው ድምፅ መቆረጡ የማይታወቅለት መስሎት ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ታይልኛለህ?» አለችው መርፌ አንድ ጠዋት። ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ሸሚዙን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሿን ጣቷን ዘረጋችለት፤ ጫፏ ቀልቶ አብጧል። «ሰነፈች መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት የቻለችውን ዘንድሮ እምቢ አለችኝ።»

«ዘንድሮ!» አለ እየሣቀ። «አላልኩሽም? ለጊታር የተፈጠረች ጣት አይደለችም።»

«ጊታሩ ምን ሆኖ ይሆን እንዴ? ክሩ ከፍ ያለ መሰለኝ።»

«የምን ከፍ ማለት? ክሩ አርጅቶ ነው የከበደሽ። ቢበላሽ እኔ አላየውም? ጣትሽ ናት የደከመችው።»

«እሺ» አለች። ጋሼ ካለ አለ ነው።

እናታቸው ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «አንቺ ልጅ፣ ጨርቁ ሲወፍርብሽ ስፌቱን ትተይዋለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«አልተወውም።»

«ታዲያ ምን ያነጫንጭሻል? ቀስ ብለሽ ውጊው።»

መርፌም ቀስ ብላ መውጋት ያዘች። መተኮሻው እስኪግል ድረስ ቆማ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በትንሿ ጣቷ ብቻ ምት ትመታለች። ገበያ ስትሄድ ዘንቢሉን በእሷ አንጠልጥላ ትመለሳለች። ሥራ ሲያበቃ ጊታሩን ታነሣና ያችን ቦታ ትጀምራለች፤ ፊደል የሚቆጥር ልጅ እያንዳንዱን ሆሄ እንደሚጠራ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው እያቆመች። አንዱ ድምፅ ቢታፈን ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። «ይሁን፣ ይለፍ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ጣቷን ግን ትቆጣት ነበር። «አንቺ ሰነፍ! አንቺ የእንጀራ ልጅ! ተነሽ!» ስትል በግድግዳው ማዶ ይሰማል።

በግድግዳው ማዶ አውራ ነበረ። መጀመሪያ ላይ ሲሰማት ደስ አለው፤ ድምፁ የታነቀና የተቆራረጠ ነበር። ነገር ግን የሙዚቀኛ ጆሮ ለባለቤቱ አይወግንም። እየዋለ ሲያድር ያ የታነቀ ድምፅ ጉሮሮው ተከፈተ። እያንዳንዱ ድምፅ ወፍራምና ክብ ሆኖ በሁለት እግሩ መቆም ጀመረ። አውራ ከተጋደመበት ተነሥቶ ተቀመጠ። ክሮቹ ምን ያህል ከፍ እንዳሉ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። በዚያ ከፍታ ላይ ያን የመሰለ ድምፅ ማውጣት ምን ማለት እንደ ሆነም፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ራሷ እንኳ አታውቀውም።

ተነሥቶ ገርበብ ባለው በር አጠገብ ቆመ። ጀርባዋን ሰጥታው ነበርና አላየችውም። ያቺ እንደ ረጠበ ካርቶን የታጠፈችው ጣት አሁን እንደ ቅስት ጎብጣ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች፤ የጎበዝ አናጢ መዶሻ ምስማር አናት ላይ እንደሚያርፍ፣ ሳትስት፣ ሳትቸኩል። ሌባ ጣት ከታች ቦታዋን እንደያዘች ነው። ሁለቱ ድምፆች አንዱ አንዱን ሳይረግጥ አብረው ቆሙ። አውራ ያቺ ቦታ እስክታልቅ ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። «እንዴት ታምራለች!» አለ በልቡ፤ ዐይኑም ረጠበ።

መፍቻው በዚያን ጊዜ ኪሱ ውስጥ ነበር። ገብቶ ብሎኖቹን ወደ ቦታቸው ቢመልስ ኖሮ፣ ይህ ታሪክ በዚሁ ባበቃ፤ ለእሱም መልካም በሆነለት ነበር። አላደረገውም። እኅቱ በማግስቱ ወደ ገበያ ስትወጣ ገባና ብሎኖቹን ጥቂት ጨመረባቸው። መልካም ነገር አይቶ ማድነቅ ብቻውን ሰውን አያጸድቅም፤ እያደነቀ የሚበድል ሰው ከማያውቅ በዳይ ይልቅ ፍርዱ የከፋ ነው።

ክረምቱ ወጣ። በስቱዲዮው ዋዜማ ባንዱ በመለማመጃው ክፍል ተሰበሰበ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ድምፅ እንዳያመልጥ ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል። መምህሩ ወንበራቸውን ክፍሉ መካከል አድርገው ተቀመጡ። ዘፋኟ፣ ቤዝ ጊታሪስቱና ድራመሩ በየቦታቸው ሆነው ይጠብቃሉ።

«ታላቅ ይቅደም» አሉ መምህሩ።

አውራ ማጉያውን ከፍ አድርጎ ጀመረ። በቤቱ፣ ማጉያ ሳይኖር በለስላሳ ሲነካካው ጊታሩ ቅቤ ነበር። አሁን ግን ከበሮና ቤዝ አብረውት ስለ ሆኑ ጠንከር አድርጎ መምታት ነበረበት። በመታ ቁጥር፣ ከመጠን በላይ ዝቅ ያሉት ክሮች በአንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች ጋር እየተጋጩ «ዝዝዝ» ይሉ ጀመር።

ድራመሩ ዱላዎቹን አቆመ። «ይቅርታ፣ ዝንብ የገባው ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ጊታሩ ውስጥ?»

ዘፋኟ አፏን ያዘች። መምህሩ እጃቸውን አነሡ። «ይህ መሣሪያ ታሟል። የእኅትህን ተቀበልና በእሱ ተጫወት።»

«ግዴለም መምህር፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ…»

«እኔ የምሰማው አንተን ነው እንጂ ብረቱን አይደለም። መርፌ፣ ስጪው።»

«እንካ ጋሼ» አለች፤ በሁለት እጇም አቀበለችው።

አውራ ጊታሩን ተቀበለ። ክሩን ጫነ፤ ክሩ እንደ ሽቦ አጥር ሥጋው ውስጥ ገባ እንጂ ከአንገቱ ጋር አልተገናኘም። የወጣው ድምፅ የሞተ ነበር። እንደ ገና ሞከረ። ሌባ ጣቱ ተንሸራተተች፤ የቀለበት ጣቱ ሳትደርስ ቀረች።

«አውራ» አለ ድራመሩ፣ «ጊታር ነው የምትጫወተው ወይስ ኮርማ ነው የምታስረው?»

ሣቁ ሲፈነዳ፣ መሣቂያ መሆንን የማይችለው ሰው ደሙ ወደ ራሱ ወጣ። «ምን ያሥቃችኋል? በዚህ ማን አባቱ ይጫወታል! ይህን ያህል ከፍ ያደረግኩት እኮ ሰው እንዳይጫወትበት ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉን ሊሰበስበው ከንፈሩን ገጠመ፤ ነገር ግን ቃሉ ሄዷል።

ሣቁ ቆመ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። «ልጄ» አሉ በዝግታ፣ «‹ክሩ ከፍ አለ› ብትለኝ፣ ክር በብርድም በሙቀትም ከፍ ዝቅ ይላልና አልጠይቅህም ነበር። አንተ ግን ‹ከፍ ያደረግኩት› አልክ። ይህ ተሻጋሪ ግሥ ነው። ክሩ ተሳቢ ነው። ባለቤቱ ማን ነው?»

አውራ ወለሉን አየ። ማንም አልረዳውም።

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«እኔ» አለ።

መርፌ አጠገቡ ቆማ ነበር። «ጣቴን ‹ደከመች› ስትለኝ… ያን ጊዜም?»

«ያን ጊዜም።»

አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ቀና ብላም አላየችው። ትንሿን ጣቷን በሌላው እጇ ያዘቻትና፣ «እኔኮ ያለ ጥፋቷ ስሰድባት ከረምኩ» አለች።

ቤዝ ጊታሪስቱ መፍቻ ፍለጋ ሣጥኑን ሲከፍት መምህሩ፣ «ልክ ነው፣ ዝቅ ያድርግልሽና ትጫወቺያለሽ» አሏት።

«አይ መምህር፣ አይነካ» አለች። «እኔ ሌላ አላውቅም። የተማርኩት በዚሁ ነው።»

ጊታሩን ከወንድሟ እጅ ወስዳ ተቀመጠች። ያችን ቦታ ስትደርስ ሌባ ጣቷ ከታች ቦታዋን ያዘች፤ ወለሉም ተነጠፈ። ሌሎቹ ሁለት ጣቶች ተራቸውን ጠብቀው ወጡ። ከዚያ ትንሿ ጣት ተነሣች። ያቺ ደመወዝ የሌላት፣ ጆሮ መጎርጎሪያ የተባለች፣ በከፍታ ላይ ከፍታ የተጨመረባት ጣት ሄዳ ከላይኛው ደረጃ ላይ አረፈች፤ እዚያም ቆማ ድምፁን እንደ ሰው ድምፅ አርገበገበችው። ክፍሉ ጠበባት። ወፍራሙ ድምፅ ከሥር፣ ቀጭኑ ከላይ፣ አንዱም ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ድራመሩ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ቀልድ አልመጣለትም። ዘፋኟ ዐይኗን ጨፍና ቀረች። ከሁሉ አብልጦ የሰማት ግን በበሩ አጠገብ የቆመው ወንድሟ ነው፤ የእያንዳንዱን ብሎን ዙር ያውቃልና፣ እያንዳንዱ ድምፅ በስንት ድካም እንደ ተገዛ የተረዳው እሱ ብቻ ነበር። ሳያውቀው በጉልበቱ ላይ ምቷን ይመታላት ነበር።

ስትጨርስ መምህሩ «ንጹሕ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ ወደ አውራ ዞሩ። «የሦስት ጣት ሰው ብቻ ብትሆን ኖሮ የሊድ ቦታህን ታጣ ነበር እንጂ በባንዱ ያለህን ወንበር አላሳጣህም ነበር። በሥራ የተበለጠን ሰው እናስተምረዋለን። ያመነውን ሰው መሣሪያ የሚያበላሽ ግን ከእኛ ጋር ወደ ስቱዲዮ አይገባም።»

ፍርዱም ተፈጸመ። አውራ ከሊድ ጊታር ተሽሮ መርፌ ተተካች። በቀረጻው ላይ አልተገኘም፤ በአልበሙ ሽፋን ላይ የሁሉም ስም ሲወጣ የእሱ አልወጣም። እናቱ ነገሩን ስትሰማ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለችው። ሌላ ባንድ ለመግባት ጠየቀ፤ ወሬው ቀድሞት ስለ ነበር የወሰደው የለም። በመጨረሻ ተመልሶ መምህሩን ለመነ፤ እኅቱም ስለ ፈቀደች ተቀበሉት። ዛሬ ከኋላ ቆሞ ሪዝም ጊታር ይመታል፤ «አውራ» ብሎ የሚጠራው ሰው የለም።